«ኤይም» እና ሦስተኛው ምስክር

ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ከነበረው ቢሮዬ የቀረውን ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ወንበሬን የምትረከበው ወጣት መምህርት አሮጌውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላታችንን ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ጣቷን አኖረች። «እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ምስክር ተጠቅሶለታል፤ ‹ኤይም› የሚለው ብቻ ሁለት ነው ያለው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ስሕተት አይደለም አልኋት። ከዚያ በላይ አልተናገርሁም። ብዙ የመናገር ልማድ የለኝም፤ የኖርሁበትም ዘመን አላስለመደኝም። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ከዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ጥናት ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት ደባርቅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ብርዱንም ተማሪዎቹንም ለምጄ ሳለሁ ምክንያቱ ያልተገለጸ ዝውውር ደረሰኝ፤ ጎንደር ከተማ በተቋቋመው የቃላት ክፍል ረዳት አዘጋጅ ሆኛለሁ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ ያልተገለጸ ምክንያት እንቅልፍ ይነሣ ነበር። ማን ጠቆመኝ? ስለ ምን እኔን? ደመወዙ ከመምህርነቱ እኩል መሆኑ ራሱ አጠራጠረኝ። ዕድገት ቢሆን ይጨመርልኝ፣ ቅጣት ቢሆን ይቀነስብኝ ነበር።

ክፍሉ በጣሊያን ዘመን የተሠራ ቤት ውስጥ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ተግባራችን ለቴክኒክ ተማሪዎች የሚሆን መዝገበ ቃላት ማሰናዳት ነው። አዘጋጁ አቶ ምሕረቱ ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ቅኔ ተቀኝተው፣ በጎልማስነታቸው እንግሊዝኛ ተምረው፣ በእርጅናቸው በሁለቱ መካከል የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም። እርሳሶቻቸውን ክዳኑ በጠፋ የቅቤ ጣሳ ውስጥ ያኖራሉ፤ ወደ ገጠር ሲወጡም ጣሳዋን በቦርሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አፍ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር በምራቅ ተለጥፎ አየሁ። መሳቢያው ቢከፈት ፀጉሩ ይወድቃል። ምንም ሳልናገር በዚያ በኩል ማለፍ ተውሁ። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣

«ወይዘሪት ጥሩወርቅ፣ ፀጉሬን አይተሻታል፤ አይደለም?» አሉኝ።

«ከመጣሁበት ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ስለ ምን ዝም አልሽ?»

«ማን ለማን እንደ ለጠፋት ስላላወቅሁ ነው።»

ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ ሰላይ ናት ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን ለመዝገበ ቃላት የተፈጠርሽ ነሽ» አሉ። እኔም ስለ እርሳቸው ያሰብሁት ያንኑ እንደ ነበር አልደበቅኋቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሯን አላየኋትም።

ለቃልም ያላቸው ጠባይ እንዲሁ ነበር። አዲስ ቃል በቀረበ ቁጥር የኬላ ዘበኛ መንገደኛን እንደሚያቆም ያቆሙትና፣ «ከየት መጣህ? ማን ያውቅሃል? ወዴት ትሄዳለህ?» ይሉታል። ሁለት የማይሻር ሕግ ነበራቸው። የመጀመሪያው፣ «አንድ ምስክር ወሬ ነው። ሁለት ምስክር ተመካክሮ ይሆናል። የማይተዋወቁ ሦስት ምስክሮች ሲገኙ ግን ቃል ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛውን «የማግሥት ጥያቄ» እንለው ነበር። አንድን ሰው ስለ አንድ ቃል ከጠየቁ፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሳያስታውቁ ተመልሰው ያንኑ ይጠይቁታል። «ትናንት ያለውን ዛሬ ካልደገመው፣ ትናንት የተናገረው እኛን ደስ ሊያሰኝ ነው» ይላሉ። በዚህ ዘዴ ከመጽሐፋችን ብዙ የሐሰት ቃል አስወጥተናል። ዘዴው አንድ ቀን በሰው ላይ ጣጣ ያመጣል ብለን አላሰብንም፤ እኛ የምንጠረጥረው ቃሉን ብቻ ነበርና።

የክፍሉ ኃላፊ በሰኞ ስብሰባ ላይ በ«ኤ» ፊደል ሥር አብዮታዊ ቃል ማነሱን አንሥቶ የገሠጸን ጊዜ፣ ስለ «ኤይም» ነገር ተነሣ።

«ይኸውላችሁ ‹ኤይም›! ትርጉሙ ያለቀለት ነው፤ ዓላማ! ምን ያጠራጥራል?» አለ ኃላፊው።

«ዓላማስ ይሁን፣ ጓድ ኃላፊ። ተኳሹን የት እናድርገው?» አሉ አቶ ምሕረቱ በትሕትና።

ቃሉ በእውነት አስቸጋሪ ነበር። በእንግሊዝኛ ልብ ያሰበውም፣ ዓይን በአፈሙዝ ላይ ሆኖ የሚፈልገውም በዚያው ስም ይጠራል። ምንጩን ስንከታተል በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ላቲን ደረሰ። እዚያ ስለ መተኮስ አንድም ነገር የለም፤ «ዋጋውን መገመት፣ መመዘን» ማለት ነው። ሰው በዓይኑ የገመተውን በእጁ መወርወር ሲጀምር ቃሉም አብሮት ተወረወረ። ለግምት የሚያገለግለው «ኤስቲሜት» እና ለአክብሮት የሚያገለግለው «ኤስቲም» ከዚያው ግንድ የወጡ ዘመዶቹ ናቸው።

በአማርኛውም በኩል ዓላማ ምልክትም ባንዲራም ሆኖ ቆይቷል፤ ዒላማ አጠገቡ ቆሟል፤ «ዐልሞ ተኳሽ» የሚለውን የማያውቅ የለም። እኔ በወጣትነት ችኩልነት ይህን ከሕልም ጋር ላዛምደው ፈለግሁ፤ ተኳሽ ከመምታቱ በፊት መምታቱን ያልማል ብዬ ተፈላሰፍሁ። አቶ ምሕረቱ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ያምራል። ያማረ ነገር ሁሉ ይጣራ። መልክ መመሳሰል ዝምድና አይደለም።»

ሁለት ምስክር ያለ ችግር ተገኘ። አንደኛው የቅኔ መምህር ነው። ሁለተኛው የሳንቃውን ጠርዝ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ አናጢ ነበር። ሦስተኛው ግን ከሚተኩስ አገር ሰው መሆን አለበት አሉ አቶ ምሕረቱ። እንዲህ ሆነና የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ በየኬላው ወርደን እየተፈተሽን፣ ላይ አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ገባን።

የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ሞልቷል። የሚተኩስ ሰው ግን አንድም አልተገኘም። ጠብመንጃ ያለው ሁሉ ለማን ብሎ እንደ ያዘ በሚጠየቅበት ወቅት፣ ስለ ማነጣጠር የሚጠይቁ ሁለት ከተሜዎች ምን እንደሚመስሉ አሁን ይገባኛል። ወገቡ ላይ የዝናር ሰንበር የወጣበት አንድ ጎልማሳ፣ «ጠብመንጃ? እሱ ደግሞ የሚበላ ነው?» ብሎን ሄደ። ሌላው፣ «እኛ አገር የሚተኮሰው ሸሚዝ ነው፤ እሱንም እናንተ ከተሜዎች ናችሁ የምትተኩሱት» አለ። የሰሙት ሁሉ ሳቁብን።

አቶ ምሕረቱ ከገበያው ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው አሰቡና፣ «የሚያስፈራው ዕቃው ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ወንጭፍ እንጠይቅ» አሉ። ማሽላው ማፍሪያው ደርሶ ስለ ነበር በየእርሻው ማማ ላይ ዝንጀሮ ጠባቂ ተቀምጧል።

ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ያገኘነው ሰው አያ ገበየሁ ይባላል፤ ሽበት የጀመረው ቀጭን ገበሬ ነው። ከማማው ሳይወርድ ሰላምታችንን ተቀበለና፣

«ምነው፣ በማሽላ መካከል ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለ።

«ቃል ጠፍቶብን ነው» አሉ አቶ ምሕረቱ።

«እኛ አላየነውም። በዚህ በኩል የሚያልፈው ዝንጀሮ ነው።»

ሚስቱ እመት ይታይሽ ከማማው ሥር ቆማ ሳቀች። ሳቋ ነገሩን አቀለለው፤ አያ ገበየሁም ወረደ። ከቃጫ የተገመደውን ወንጭፉን አሳየን። አቶ ምሕረቱ እንደ ልማዳቸው ትርጉም አልጠየቁም፤ «ያሳዩኝ» አሉት እንጂ። ሲያነጣጥር የትኛውን ዓይኑን እንደሚጨፍን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«ዓይን አይጨፈንም፣ እቴ። ዓይኑን የጨፈነ ግማሹን ማሽላ ለዝንጀሮ ሰጠ። ርቀቱ በልብ ይገመታል። ንፋሱ ይገመታል። ዝንጀሮውም ምን እንዳሰበ ይገመታል። የቀረውን እጅ ያውቀዋል።»

«ይህን ሁሉ አንድ ላይ ምን ትሉታላችሁ?» አሉ አቶ ምሕረቱ።

«ማለም ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

«ይገመታል» ሲል ያ የላቲን ግንድ ትዝ ብሎኝ ፊቴ ተለወጠ መሰለኝ፤ አቶ ምሕረቱ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «አትደሰቺ» አሉኝ በጆሮዬ። «የጠያቂ ደስታ ለምስክር ጉቦ ነው።»

አያ ገበየሁ ከማሳው ማዶ ያለውን ጉቶ በአገጩ አመለከተንና ሦስት ድንጋይ አከታትሎ ወነጨፈ። ሄደን አየን። ቅርፊቱ የተላጠው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም እዚያው ጠባሳ ላይ አርፈዋል። «በጠብመንጃስ?» የሚለው ጥያቄ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አልጠየቅሁም። እርሱም እንዳልጠየቅሁት አይቶ ወንጭፉን ጠቀለለ።

ያን ዕለት ወደ ጎንደር ብንመለስ ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ ነበር። ሕጋችን ግን ሕግ ነው። ትክል ድንጋይ አድረን በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ወደዚያው ማማ ተመለስን። አያ ገበየሁ ፊቱ አልፈታ አለን። የጠየቅነውን ግን ቃል ሳያዛንፍ ደገመልን። አቶ ምሕረቱ ረክተው ሦስተኛው ምስክር መገኘቱን ነገሩኝ።

ወደ ማደሪያችን ተመልሰን ለምሳ እንኳ ሳንቀርብ እመት ይታይሽ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልናችሁ? ወሰዱት እኮ! ‹ስለ መተኮስ ምን ጠየቁህ? ምን ነገርሃቸው? ስለ ምን ሁለት ጊዜ ተመላለሱብህ?› እያሉ ይዘውታል።»

«እኛ የጠየቅነው ቃል ነው» አልሁ።

«አንድ ቀን ብትጠይቁ ማን ምን ይላችሁ ነበር? በዚህ አገር አንድ ቀን የመጣ እንግዳ ነው። በማግሥቱ የተመለሰ ጉዳይ አለው።»

አቶ ምሕረቱ ቁጭ አሉ። ያን ያህል የታመኑበት ሕግ በአንዲት ገበሬ ሴት አፍ ፍርዱን ሲቀበል አየሁ። የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቅርብ ነበር፤ ከዚያ ወደ ከተማ የሚላክ ሰው ግን ሁልጊዜ አይመለስም ነበር። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ተያይዘን ወጣን።

በጽሕፈት ቤቱ ያገኘነው ካድሬ ጓድ በላቸው ይባላል። ወጣት ነው፤ ጨዋ አነጋገር አለው፤ ከንፈሩ ፈገግ ሲል ዓይኑ አይከተለውም። አያ ገበየሁ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጧል። ወረቀቶቻችንን አቀረብሁ፤ ካድሬው አገላብጦ አይቶ፣ ማኅተም በገበያ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ነገሩን በሥርዓት ባስረዳው ይገባዋል ብዬ ስለ ቃሉ ገለጻ ጀመርሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ የዚያን ዕለት ያህል ተዘጋጅቼ፣ የዚያን ዕለት ያህል የከሸፈብኝ ትምህርት ግን የለም።

«ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይ ነው…»

«ፈረንሳይ?» አለ ጓድ በላቸው። «በገበየሁ ማሽላ ውስጥ ፈረንሳይ ምን አገባት?»

«መነሻው ላቲን ነው፤ የሮማውያን ቋንቋ…»

«ጣሊያንም አለችበት በለኛ» አለ በሩ ላይ ለቆመው ሚሊሻ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «መጀመሪያ እንግሊዝ፣ ቀጥሎ ፈረንሳይ፣ አሁን ጣሊያን። ጓድ ጥሩወርቅ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ አንድ ቃል አርማጭሆ ውስጥ ማንን ሊያገኝ ነው?»

በተናገርሁ ቁጥር ገመዱ በአያ ገበየሁ ላይ ሲጠብቅ ታወቀኝና ዝም አልሁ። ጓድ በላቸው ተነሣ።

«በተግባር እንየው» አለ። «ሁለት ቀን ያስተማራችሁን ነገር ለእኔም ያሳየኝ። ከመታ፣ እጁ የተማረበትን ጠብመንጃ ያወጣል። ከሳተ ደግሞ፣ የማይመታ ሰው ዘንድ ሁለት ቀን የተመላለሳችሁበትን እውነተኛ ጉዳይ ትነግሩኛላችሁ።»

የአቶ ምሕረቱን ጣሳ ከቦርሳቸው አውጥቶ እርሳሶቹን አፈሰሰ። ጣሳዋን ከግቢው ማዶ ኩይሳ ላይ አስቀመጧት። ከኩይሳው ጎንና ኋላ ያልጊዜው ዝናብ ያራሰው የአፈር ቁልል ነበር። ከትናንቱ ገበያ ገና ያልተመለሰው ሰው፣ ጎረቤቱ፣ አብረውት ፉከራ የሚፎክሩት ሰዎች ሁሉ በአጥሩ ተደረደሩ። ለአያ ገበየሁ ወንጭፉን መለሱለት።

ቢመታ እርሱ ጠፋ። ቢስት እኛ ጠፋን። እርሱም ይህን አውቆ ወደ አቶ ምሕረቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከተ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ከጣሳዋ ወደ ቀኝ አልፎ አፈሩ ውስጥ ጠፋ። ሰዉ አጉረመረመ። ሁለተኛውም በዚያው በኩል አለፈ። ሳቅ ተጀመረ። አያ ገበየሁ እጁን በቁምጣው ጠራረገ፤ ወንጭፉን እንደ ጥፋተኛ ተመለከተው፤ ሦስተኛውን ወረወረ። ጣሳዋ ንቅንቅ አላለችም። በሳቁ መካከል ግን አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። አቶ ምሕረቱም ሰምተው ኖሯል፤ አንገታቸው ቀና አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ጓድ በላቸው።

«ጓድ፣ ምን ልበልዎት» አለ አያ ገበየሁ፤ ድምፁን ሰው ሁሉ እንዲሰማው ከፍ አድርጎ። «ከተሜ መጥቶ ቢጠይቀኝ ጎረርሁባቸው። ዐልሞ መቺ ነኝ አልኋቸው። አመኑኝ! ያመነን ሰው ደግሞ ማን ይለቃል? ‹ነገም ኑ› አልኋቸው፤ መጡልኝ።»

ከሁሉ በላይ የሳቀችው እመት ይታይሽ ነበረች። «እኔስ ስንት ዘመን ነገርሁት! ዝንጀሮው ሲያይህ አይሸሽም፣ ልጆቹን ጠርቶ አንተን ያሳያቸዋል እንጂ፣ እለው ነበር!» አለች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። «አያ ገበየሁ፣ በሰርግ ቀን የምትፎክረው በየትኛው እጅህ ነው?» አለው አንዱ። ሌላው ደግሞ ወንጭፉን ለሚስቱ እንዲያስረክብ መከረው። ሰው በእጁ በሚከበርበት በዚያ አገር ይህ ሳቅ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ለማወቅ የዚያ አገር ሰው መሆን አያሻም። አያ ገበየሁ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ተቀበለ።

ጓድ በላቸውም መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑም ተከተለው። «ሁለት የተማራችሁ ሰዎች!» አለን። «በአንድ ጉረኛ ሁለት ቀን ስትታለሉ! እኔ ሰላይ ብዬአችሁ ነበር፤ ሰላይ እንኳ እንዲህ አይሞኝም። ገበየሁ፣ ሂድ ማሽላህን ጠብቅ፤ ዝንጀሮ ካልጨረሰብህ።» ቀጥሎ ወደ ሚሊሻው ዞረ። «ጣሳቸውን አምጥተህ ስጣቸውና ይሂዱ።»

ሚሊሻው አንድ እርምጃ እንደ ተራመደ አቶ ምሕረቱ፣ «የለም፣ የለም፤ የእኔው ጣሳ ናት፣ እኔው አነሣታለሁ» አሉ። ያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ግቢውን በሩጫ ሲያቋርጡ አየሁ። ሰዉ በእርሳቸውም ሳቀ። እኔም እርሳሶቹን ለቅሜ ተከተልኋቸው።

ከኩይሳው ኋላ ስደርስ እርሳቸው አፈሩን እያዩ ቆመዋል። ከጣሳዋ በስተ ቀኝ፣ አንድ መዳፍ በሚሸፍነው ስፍራ ላይ፣ ሦስቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን በእርጥቡ አፈር ተሰክተዋል። ሦስተኛው ሁለተኛውን ነክቶ ጫፉን ሰብሮታል።

አቶ ምሕረቱ በዕድሜያቸው አንድ የማስረጃ ቅዳጅ እንኳ የጣሉ ሰው አልነበሩም። ጎንበስ ብለው ጣሳዋን ከኩይሳው ላይ እያነሡ፣ በጫማቸው ጫፍ የመጀመሪያውን ድንጋይ ወደ ግራ፣ ሁለተኛውን ወደ ቀኝ ፈነቀሉ። ሦስተኛው አልወጣ ሲላቸው በተረከዛቸው ደጋግመው ረግጠው አሰመጡት፤ በላዩም አፈር ገፉበት።

«ወይዘሪት ጥሩወርቅ፣ እዚህ ያየሽው ነገር አለ?»

«የለም፣ አቶ ምሕረቱ።»

እርሳሶቹን ጣሳዋ ውስጥ ከተትሁላቸው። ወደ በሩ ስንመለስ አያ ገበየሁ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የአቶ ምሕረቱን ጫማ አየ፤ ጭቃ ነበር። ካድሬው በሚሰማበት ርቀት ላይ ስለ ነበርን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ታዲያ ጌታው፣ ቃልዎን አገኙ?»

«አላገኘሁም፣ አያ ገበየሁ። ሦስተኛ ምስክር አጣሁ።»

«ሸጋ ነው» አለ አያ ገበየሁ። ወንጭፉን ለሚስቱ ሰጣት፤ እርሷም ሰው እያየ ነጠላዋ ሥር ከተተችው።

መዝገበ ቃላቱ ሊታተም ሲል የክፍሉ ኃላፊ ለ«ኤይም» ሦስተኛ ምስክር ከከተማ ሰው እንድንሞላ አዘዘን። አቶ ምሕረቱ በጽሑፍም በቃልም አሻፈረኝ አሉ። በዚህም ተገምግመው፣ «የሥራ ቸልተኝነት» የሚል ተጻፈባቸው፤ እስከ ሞታቸውም አላስተባበሉትም። እኔም በኋላ ወደ ማራኪ ተዛውሬ በማስተማር ዘመኔን ስጨርስ፣ ያን ክፍት ቦታ የሚሞላ ቃል ከማንም አልጠየቅሁም።

ወጣቷ መምህርት ይህን ካነበበች በሚቀጥለው እትም ልትሞላው ትፈልግ ይሆናል። እንዳለ ብትተወው እመርጣለሁ።